ባቡሩን የመንዝ ዜማ ያደረግሁበት ሳምንት

በዚያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቀን ቀን ፒያሳ አንድ ጠባብ ሬዲዮ መጠገኛ ውስጥ ተቀምጬ የተበጠሰ ሽቦ እበይዳለሁ፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች ነኝ። ጊታር የተማርኩት ለአብዮቱ ብዬ አልነበረም። አብዮቱ ሲመጣ ጊታር ይዤ አገኘኝ። ከዚያ በፊት በሠርግና በመጠጥ ቤት ከሚጫወት ባንድ ጋር እሠራ ነበር። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ መጠጥ ቤቶቹ በጊዜ መዝጋት ጀመሩ፣ ድራም መቺያችን በሱዳን በኩል ወጣ፣ ባንዱም ተበተነ። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት ቀበሌ ተጠራሁና «በፈቃደኝነት ተመልምለሃል» ተባልኩ። መቼ ፈቃደኛ እንደሆንኩ ብጠይቅ «ባለፈው ስብሰባ ላይ» አሉኝ። በዚያ ስብሰባ ላይ አልነበርኩም።

የቡድናችን ድምፅ ዘይነባ ነበረች። አባቷ ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው አራዳ ላይ ጨርቅ መነገድ ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። እሷ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳርና ሳሙና ታድላለች። ሁለት ሰዓት ተሰልፎ የተማረረ ሰው እንኳ እሷ ፊት ሲደርስ ስቆ ይሄዳል፤ ምላሷ እንደዚያ ነው። ድምፅዋ ማይክራፎን አያስፈልገውም ነበር፤ ደግነቱ የእኛም ማይክራፎን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም።

የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ዘለቀ ይባላሉ። ቀድሞ የስፖርት አስተማሪ ስለነበሩ ሙዚቃንም የሚመሩት በፊሽካ ነው። ዘፈን ሲጀመር ፊሽካ፣ ሲያልቅ ፊሽካ፣ ክራር መቺው ሲሳሳት ሁለት ጊዜ ፊሽካ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የተነገራቸውን ከልባቸው ያምናሉ፤ ችግሩ የሚነገራቸው ነገር በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ እሳቸውም በየሳምንቱ ከልባቸው እንደገና ያምናሉ።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ጓድ ዘለቀ ወደ መለማመጃ አዳራሹ እየሮጡ ገቡ። ቅዳሜ አፍንጮ በር አጠገብ ባለው መናፈሻ ትልቅ የሕዝብ ዝግጅት አለ፤ የየቀበሌው የኪነት ቡድኖች ይጫወታሉ፤ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ እንግዳም ይገኛል። ከእኛ የሚጠበቀው ስለ ምርት ዘመቻ አዲስ ዘፈን ነው። ግጥሙን ራሳቸው ጽፈውታል። ወረቀቱን ለዘይነባ ሰጧት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስንኞች እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም፦

የአነስተኛ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር
በተቀናጀ የግብርና ግብዓት አቅርቦት ይከበር

ዘይነባ እስከ መጨረሻው አነበበችና ቀና አለች።

«ጓድ ዘለቀ፣ መተንፈሻው የት ጋ ነው?»

«የምን መተንፈሻ?»

«ዘፋኝ መሐል ላይ ይተነፍሳል።»

ወረቀቱን ተቀብለው በጥሞና ተመለከቱት። «ከአራተኛው ስንኝ በኋላ መተንፈስ ይቻላል» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዜማውን አንተ ታወጣለህ፤ አርብ እንሰማለን» ብለውኝ ወጡ።

በትዝታ ሞከርኩት፣ በባቲ ሞከርኩት፤ «የተቀናጀ» የሚለው ቃል የትኛውም ቅኝት ውስጥ አልገባ አለኝ። ሐሙስ ሙሉ ቀን እሱኑ ሳጉረመርም ዋልኩ። ወደ ማታ ሲቃረብ የአንድ ሰው ሬዲዮ ከፍቼ እየበየድኩ ሳለሁ አፌ ራሱ አንድ ዜማ ላይ ወደቀ፤ የጓድ ዘለቀ ስንኝ ከዜማው ጋር ልክ በልክ ገጠመ። ደስ ብሎኝ ሦስት ጊዜ ዘፈንኩት። በአራተኛው ዜማው ምን እንደሆነ ገባኝና የመበየጃው ብረት ከእጄ ወደቀ። «ባቡሩ» ነበር።

ስለ «ባቡሩ» ለማያውቅ ልንገር። የፈረንጅ ሮክ ዘፈን ነው። እውነተኛ ስሙን ከመካከላችን አስተካክሎ የሚጠራው ስላልነበረ ሰፈሩ የራሱን ስም አወጣለት። እኔ ተማሪ ሳለሁ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ሳንቲም ሲጎርስ ሸክላ የሚያጫውት ጁክ ቦክስ ነበር፤ ከሁሉ ሸክላ ይበልጥ ያለቀው የዚህ ዘፈን ነው። ሲጀምር ቀስ ይላል፣ ሰውየው እንጉርጉሮ የያዘ ይመስላል፤ መሐል ላይ ጊታሩ አቀበት እንደሚወጣ ባቡር እያቃሰተ ይነሳና መጨረሻው ላይ ቤቱን ያናውጠዋል። እንግሊዝኛውን ማንም አያውቀውም። አንዱ «እናቱ ሞታበት ነው» ይላል፤ ሌላው «መኪናውን ሰርቀውት ነው» ብሎ ይምላል። ቃላቱን ግን ሁላችንም በጆሮአችን እንደሰማነው እንዘፍናቸዋለን። ከስድስት ኪሎ እስከ ዶሮ ማነቂያ የዘመኔ ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት የተሳሳተ እንግሊዝኛ ነበረው። አብዮቱ ሲመጣ ጁክ ቦክሱ ከቡና ቤቱ ተነሳ፣ ዘፈኑም የኢምፔሪያሊስት ባህል ተባለና ጠፋ። ከአፋችን ጠፋ ማለቴ ነው።

ሌላ ዜማ ለመፈለግ አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ አላገኘሁም። አርብ ዕለት ፍጥነቱን ዝቅ አድርጌ፣ ክራሩን ከፊት አስቀድሜ፣ ጊታሩን ከኋላ ደበቅሁትና አስጀመርኩ። ዘይነባ ሁለት ስንኝ እንደዘፈነች ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ድምፅዋ አልተቋረጠም፤ ዓይኗ ግን «አብደሃል?» እያለ ነበር። ዕረፍት ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ደረጀ፣ ይሄ እኮ ባቡሩ ነው።»

«ዝም በይ።»

«እኔ ዝም እላለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ዝም ይላል ወይ?»

ጓድ ዘለቀ በዚህ መሐል መጡ። መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን እየጠረጉ ነው። ስምንት ዓመት ሲያስተምሩ አንድም ቀን አልቅሰው እንደማያውቁ በኋላ ነግረውኛል። «ይሄ የጭቁኑ ገበሬ ድምፅ ነው» አሉ። «ከየት አገኘኸው?»

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚመጣለትን ሰው ነው የሚጠራው። «የአያቴ ነው» አልኩ። «መንዝ ሳሉ በበገና ይጫወቱት ነበር።»

አያቴ መንዝ መወለዳቸው እውነት ነው። በሁለት ዓመታቸው ነው አዲስ አበባ የመጡት። እስኪሞቱ ሠራተኛ ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ በገና በእጃቸው አልነኩም፤ ዘፈን ሲሰሙ ደግሞ ራሴን አመመኝ ብለው ይተኛሉ። ጓድ ዘለቀ ግን ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት። የሰማሁት ድምፅ እስክርቢቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ነው። ያኔ ቃሌን ልመልሰው እችል ነበር። አልመለስኩትም።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መናፈሻው ግጥም ብሎ ሞልቷል። ሕዝቡ የመጣው ለሙዚቃ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ በር ላይ የየቀበሌው ስም ጠሪ ተቀምጧል፣ የቀረ ሰው የሚቀጥለውን ወር ስኳር እንደማያገኝ ያውቃል። በሣሩ ላይ እናቶች ጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ያንቀላፋሉ፤ ወጣቶቹ በስተኋላ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ፊት ለፊት ድንኳን ሥር ባለሥልጣናቱ በደረጃቸው ተቀምጠዋል። መሐላቸው አንድ ፊቱ የቀላ ወፍራም ፈረንጅ አለ፤ እንግዳው እሱ ነው። አጠገቡ አስተርጓሚው፤ በሌላው ጎኑ ዝግጅቱን በበላይነት የሚመሩት ሻለቃ።

ከእኛ በፊት አምስት ቡድኖች ስለ ማዳበሪያ ዘፈኑ። ሕዝቡ በሥርዓት አጨበጨበ። ተራችን ሲደርስ አስተዋዋቂው «ከመንዝ ጭቁን ገበሬዎች አንደበት የተቀዳ ጥንታዊ ዜማ» ብሎ አስተዋወቀን። ጓድ ዘለቀ ፊሽካቸውን ነፉ፤ ጀመርን።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች በሰላም አለፉ። ዘይነባ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን እያስከበረች ነው፣ ሽማግሌዎቹ እንዳንቀላፉ ናቸው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ጣቴን ብቻ እያየሁ እጫወታለሁ። ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ ጊታሩ ሽቅብ የሚወጣበትን ቦታ ሆን ብዬ ዘለልኩት፤ የሚያጋልጠኝ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዘግይቼ ነበር። ከአጥሩ በኩል አንድ ሰው አፏጨ። የዘለልኩትን ቦታ ነበር ያፏጨው፤ አንዲት ኖታ ሳያጓድል። ሁለተኛው ተከተለው። ከዚያ አዝማቹ ላይ ስንደርስ አንድ ሰው በዚያ በጋራ በምናውቀው የተሳሳተ እንግሊዝኛ ጀመረ።

እንዴት እንደተዛመተ ልነግራችሁ አልችልም። ከአጥሩ ተነስቶ ወደ ዛፎቹ፣ ከዛፎቹ ወደ ሣሩ መጣ። ለዓመታት አፋቸውን ዘግተው የኖሩ መምህራን፣ የቢሮ ጸሐፊዎች፣ የመንግሥት መኪና ሾፌሮች ተነስተው ቆመው ይዘፍናሉ። ስም ጠሪዎቹ መዝገባቸውን ይዘው ይዘፍናሉ። ዘይነባ አማርኛዋን ብትቀጥልም የሚሰማት አልነበረም፤ በመጨረሻ ትታው ሳቀች።  ላቁም ብዬ ጓድ ዘለቀን ባያቸው እጃቸውን ወደ ላይ እያወዛወዙ «ጨምር» ይሉኛል፤ ሕዝቡ ግጥማቸውን የሚዘፍን መስሏቸዋል።

ያኔ ማድረግ ያልነበረብኝን አደረግሁ። የዘለልኩትን ቦታ ተመልሼ ተጫወትኩት። አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ባቡሩን አቀበት አወጣሁት። ያን ያህል ደስታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም፤ ይህንን ብደብቃችሁ ታሪኩን ግማሹን መዋሸት ይሆንብኛል።

ድንኳኑ ሥር ያሉት ባለሥልጣናት ሕዝቡ በምርት ዘመቻው መነሳሳቱን አይተው ተነስተው አጨበጨቡ። ሻለቃው ተነሱ። እንግዳውም ተነሳ፤ ተነስቶም አላጨበጨበም፣ ይዘፍን ጀመር። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከኛ በተሻለ እንግሊዝኛ ይዘፍናል።

ስንጨርስ ከመድረኩ ኋላ ሆኜ ድንኳኑን በሸራው ቀዳዳ አየሁት። ሻለቃው ወደ አስተርጓሚው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። ምን እንደጠየቁ ለመገመት አያስቸግርም፤ እንግዳው የመንዝን ዜማ ከየት ያውቀዋል? አስተርጓሚው ቀጭን ወጣት ነው፤ ላብ በግንባሩ ይወርዳል። ከእንግዳው ጋር ትንሽ ተነጋገረና ወደ ሻለቃው ዞረ። ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት።

«እንግዳው፣ የዓለም ጭቁኖች ሁሉ ዜማቸው አንድ ነው ይላሉ።»

ሻለቃው ለረጅም ጊዜ አስተርጓሚውን አዩት። ከዚያ ፈገግ ብለው የእንግዳውን እጅ ጨበጡ። እኔ ዳንኩ ብዬ ተነፈስኩ። ትንፋሼን ሳልጨርስ አንድ ካኪ የለበሰ ሰው መጥቶ፣ «አንተና ዘፋኟ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቀበሌ ትቀርባላችሁ» አለኝ።

እናቴ ስትሰማ ብርድ ልብስ አጣጠፈች፣ ቆሎ በከረጢት ቋጠረች፣ አጠገቤ አስቀመጠችው። በዚያ ዘመን ለእስር የሚቋጠር ስንቅ ምን እንደሆነ አይጠየቅም።

እሑድ ጠዋት መጀመሪያ የገባችው ዘይነባ ናት። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ብርድ ልብሴን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ጓድ ዘለቀም አጠገቤ አሉ፤ ሌሊቱን አንድ ሰው እውነቱን ነግሯቸው ኖሮ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ሪፖርቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ» ይላሉ ደጋግመው፤ «መንዝ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

ዘይነባ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት ወጣች። ነጠላዋን እያስተካከለች ፊቴ ቆመች።

«ምን አልሻቸው?»

«እውነቱን። ፒያሳ፣ ጁክ ቦክስ፣ ልጅ ሆነን። ጽፌ ፈርሜያለሁ።»

«ዘይነባ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«አሥር ሺህ ሰው በእንግሊዝኛ ከዘፈነው በኋላ ምን ልበል? አንተ የፈለግኸውን በል። እኔን ብቻ ውሸታም አታድርገኝ።»

ገባሁ። ሻለቃው ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት አስቀምጠዋል፤ አንዱ የተጻፈበት፣ ሌላው ባዶ። ብርድ ልብሴን አይተው «አስቀምጠው» አሉኝ።  ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«ከሦስተኛው ስንኝ በኋላ ጊታሩ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ አለ። መጀመሪያ ለምን ዘለልከው?»

 ሻለቃው ዘፈኑን ያውቁታል።

«ምክትል መቶ አለቃ ሳለሁ» አሉ መስኮቱን እያዩ፣ «ደመወዝ ስንቀበል ፒያሳ እንወጣ ነበር። ያ ጁክ ቦክስ የኔን ብዙ ሳንቲም በልቷል።»

«ታዲያ ጓድ ሻለቃ፣ እውነቱን ካወቁት…»

«ማወቅ የኔ ሥራ ነው። መጻፍ ያንተ ነው።» ባዶውን ወረቀት ወደ እኔ ገፉት። «አስተውል። ትናንት ያ ዘፈን የኢምፔሪያሊስት ዘፈን ከነበረ፣ ተነስተን ያጨበጨብነው ለኢምፔሪያሊዝም ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ድንኳኑ ሥር የነበረው ሁሉ ነው። እንግዳውም ጭምር። ይህን የሚጽፍ ሰው የሚሰደድበት አገር ይፈልጋል፤ የሚሸሽገው ሰውም ይፈልጋል። ስለዚህ ዜማው የመንዝ ነው።»

«ዘይነባስ? እሷ ሌላ ጽፋለች።»

«እሷ የጻፈችው ምን እንደሚባል የሚወስነው አንተ የምትጽፈው ነው።»

አሁን ሳስበው ብዙ ልል እችል ነበር። «አላስታውስም» ማለት እችል ነበር። «አያቴ ሞተዋል፣ ጠይቄ ማረጋገጥ አልችልም» ማለት እችል ነበር። ይልቅ ለራሴ አንድ ምክንያት ፈጠርኩ፤ ጓድ ዘለቀ ሦስት ልጆች አሏቸው አልኩ። እውነት ነው፣ አሏቸው። ግን እስክርቢቶውን ያነሳሁት ለልጆቻቸው አልነበረም። «ዜማው ከአያቴ የወረስኩት የመንዝ ዜማ ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ውጤቱ በሳምንቱ ወጣ። ዘይነባ «የሰፊውን ሕዝብ ቅርስ በማንቋሸሽ» ከኪነት ቡድኑና ከኅብረት ሱቁ ተሰናበተች። ለእኔ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ የባህል ዜማ አሰባሳቢም ሆኜ ተሾምኩ። ዘፈኑ ለየቀበሌው ተላለፈ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ከየአዳራሹ ባቡሩን በክራርና በከበሮ እሰማዋለሁ፤ ከአራት ኪሎ በኩል ሲሆን በዋሽንትም ነበር።

ቀጥሎ ከጓድ ዘለቀ ጋር ቴፕ ይዘን መንዝ ተላክን፤ የዜማውን ምንጭ ቀርጸን እንድንመጣ። አንድ መንደር ውስጥ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጠበቁን። ዜማውን እንዲያዜሙልን ጠየቅናቸው፤ ሰምተውት አያውቁም። ጓድ ዘለቀ ራሳቸው አዜሙላቸው። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ እንግዳ ከሩቅ መጥቶ ባዶ እጁን አይሂድ ብለው እስከ ምሳ ሰዓት አጠኑት፤ ከምሳ በኋላ ቀረጽናቸው። ሲያልቅ ከመካከላቸው ትልቁ፣ «ጥሩ ዜማ ነው፤ የፈረንጅ ይመስላል» አሉ። ጓድ ዘለቀ ጎንበስ ብለው ያቺን ክፍል ከቴፑ ላይ አጠፉ።

አውቶቡስ ላይ ስመለስ ያ ቴፕ ጉልበቴ ላይ ነበር። የውሸቴ ማስረጃ በገዛ እጄ ተሠርቶ፣ ካርቶን ውስጥ ገብቶ፣ ማኅተም ሊመታበት ነው። በማግስቱ አራዳ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። ዘይነባ ለአንዲት ሴትዮ አቡጀዲ እየለካች ነበር። ጋሽ ሰይድ አይተውኝ «ግባ ልጄ» አሉ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሴትዮዋ እስክትወጣ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ዜማው…»

«ዜማው ከየት እንደመጣ እኔ አውቃለሁ» አለች ጨርቁን እየጠቀለለች። «ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለማያውቁት ንገር።»

«የትኞቹ ናቸው የማያውቁት? ሁሉም ያውቃል እኮ።»

«እንግዲያው አያስቸግርህም።»

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። አጀንዳዎቹ አለቁና ሊቀመንበሩ «ልዩ ልዩ» ሲሉ እጄን አወጣሁ። የፊት ወንበሩን ይዤ ተነሳሁ። «የምርት ዘመቻው ዜማ የአያቴ አይደለም» አልኩ። «አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዜማው ፒያሳ ከነበረው ጁክ ቦክስ የተወሰደ የፈረንጅ ዘፈን ነው። ዘይነባ ሰይድ የጻፈችው ትክክል ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

 አምስት መቶ ሰው ጫማውን ያያል። ሁሉም መናፈሻው ውስጥ ነበሩ፤ ሁሉም ዘፍነዋል። በመጨረሻ ጓድ ዘለቀ ተነሱ።  «ጓዶች፣ ጓድ ደረጀ ከትሕትናው የተነሳ የአያቱን ክብር ለራሱ መውሰድ ስላልፈለገ ነው» አሉና ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰቡና ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ ይወሰን አሉ።

«ዜማው የመንዝ ነው የምትሉ?»

እጅ እንደ ጫካ ተነሳ። የጁክ ቦክሱ ቡና ቤት ባለቤት የነበሩት ሰውዬም እጃቸውን አውጥተዋል።

«የምትቃወሙ?»

እጄን አወጣሁ። ጸሐፊው «አንድ» ብሎ ሊጽፍ ሲል ቆም አለና ወደ ኋላ ተመለከተ። ዞር ብዬ ባይ በመጨረሻው ረድፍ ዘይነባ እጇን አንስታለች፤ አጠገቧ አባቷ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል፣ ግን እጇን አልያዙባትም። ጸሐፊው «በሁለት ተቃውሞ ጸድቋል» ብሎ ጻፈ።

ለብዙ ሳምንታት ቆሎው ሳይፈታ በራችን አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የመጣ ሰው የለም። በኋላ ነው የገባኝ፤ እኔን ለማሰር ያሰሩበትን ምክንያት መጻፍ ሊኖርባቸው ነው። ከኪነት ቡድኑ ግን «በድካም ምክንያት» ተሰናበትኩ፤ ጊታሬም የቀበሌው ንብረት ነው ተብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሬዲዮ እየጠገንኩ ልጆች አሳደግሁ።

አንባቢዎቼ፣ ያ ዜማ አልሞተም። እነዚያ ሰዎች ሄደዋል፣ የምርት ዘመቻውም የለም፤ ዜማው ግን ሠርግ ላይ አለ። በቅርቡም አንድ መናፈሻ ውስጥ ወጣቶች በትልልቅ ስፒከር ሲጫወቱት ሰማሁ፤ የጥንት የመንዝ ዜማ ነው ብለው ነው ያስተዋወቁት። አጠገቤ የቆመ ወጣት፣ «አባባ፣ ፈረንጆቹ እኮ ይህን ከኛ ሰርቀው ነው ሮክ ያደረጉት» ብሎ አስረዳኝ። ሌባው እኔ ነኝ ብዬ ነገርኩት። በትሕትና ሳቀልኝና ወንበር ፈለገልኝ።

እውነቱን ለማስመዝገብ ነበር እጄን ያወጣሁት፤ አልተመዘገበም። ስለዚህ እውነት ያሸንፋል ብዬ ልመክራችሁ አልችልም፤ እኔ ባየሁት ስብሰባ በአምስት መቶ ድምፅ ተሸንፏል። ያ ቀን የለወጠው እኔን ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ነገር ላይ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ካየሁ እጄን ከማንሳቴ በፊት ጥቂት እቆያለሁ፤ ለመፈረም ስጠየቅም እጄ ይንቀጠቀጣል፣ በመንቀጥቀጡም ደስ ይለኛል።

ያን እሑድ ከአዳራሹ ስንወጣ ሰው ሁሉ ከእኔ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ቁልቁለቱ ላይ ዘይነባ ደረሰችብኝ። አባቷ ከፊት እየሄዱ ነው። ጎን ለጎን ተራመድን።

«ሁለት ድምፅ ብቻ» አልኳት።

«እኔ ስጽፍ» አለችኝ፣ «አንድ ነበር።»